ማድ ቤቱን ከማፍረስህ በፊት

ዳንግላ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ልጄ፤



ከባሕር ዳር ዕቃችሁን ሸክፋችሁ እንጅባራ አጠገብ ወዳለው ወደ አባትህ ቤት ልትገቡ መቁረጣችሁን እህትህ ነገረችኝ። ደስ ብሎኛል። ሰው የማይኖርበት ቤት ቶሎ ይፈርሳል፤ እሳት የሚነድበት ቤት ግን ቢያረጅም ይቆማል። ቀጥላ ደግሞ መጀመሪያ የምትነካው ማድ ቤቱን እንደሆነ፣ አፍርሰህ በብሎኬት ልታቆመው፣ ወለሉን ሴራሚክ ልታለብሰው እንዳሰብህ አጫወተችኝ። ልደውልልህ ስልኩን አንሥቼ ነበር። በስልክ የተነገረ ምክር ግን ካርዱ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። ስለዚህ በወረቀት ይሁን አልሁ፤ አንተም አንብበህ ለባለቤትህ አንብብላት። ያ ማድ ቤት ሦስታችሁን ያሳደግሁበት፣ ጠመኔዬን አስቀምጬ ከትምህርት ቤት ስመለስ በቀጥታ የምገባበት ቤት ነውና ስለሱ የምናገረው አላጣም።

ነገሩን ባጭሩ ላስይዝህ፦ ማድ ቤቱን ስትሠራ የባለቤትህን ሳንባና የልጅህን እጅ አስብ። አንደኛው ጭስ የሚገባበት፣ ሁለተኛው እሳት የሚነካ ነው። ብሎኬቱም፣ ሴራሚኩም፣ ቀለሙም ከነዚህ በኋላ የሚመጣ ነው። ገንዘብ ካለቀ የሚያልቀው ቀለሙ ላይ ይሁን፣ ጭስ ማውጫው ላይ አይሁን።

መዶሻ ከማንሣትህ በፊት ባለቤትህ እንጀራ የምትጋግርበትን ቀን ጠብቀህ ማድ ቤቱ ውስጥ ከመጀመሪያው እንጀራ እስከ መጨረሻው ተቀመጥ። በእኛ አገር ወንድ ልጅ ማድ ቤት አውቃለሁ ሲል የሚያውቀው ከበሩ እስከ ሌማቱ ያለውን ነው። አንተ ግን ዝቅ ብለህ ተመልከት። ምጣዱ እስኪሰማ ድረስ ስንት ጊዜ ጎንበስ ብላ እፍ እንደምትል፣ ማሰሻውን ከየት እንደምታነሣ፣ አክንባሎውን የት እንደምታሳርፍ፣ ሰፌዱን ይዛ ስትዞር በምን እንደምትሰናከል እይ። ከጣራው ሥር በክር በክር የተንጠለጠለውን ጥቀርሻም ተመልከት። ሊጥ ላይ ሲወድቅ በጣታችን አንሥተን እንጥለው ነበር፤ ሳንባ ላይ የወደቀውን የሚያነሣ ጣት ግን የለም። ከዚያ ልጅቱ የት እንዳለች እይ። እናቷ ጀርባ ላይ አንቀልባ ውስጥ ካለች፣ እናቷ በቆመች ቁጥር የልጅቱ ራስ ጭሱ በሚሰበሰብበት ከፍታ ላይ ነው። እናቷ ጎንበስ ስትል ደግሞ ልጅቱም አብራ ወደ ምጣዱ ትወርዳለች። ይህን አንድ ቀን ተቀምጠህ ካየኸው ማንም መሐንዲስ የማይሰጥህን ፕላን ይዘህ ትወጣለህ።

ነገሩን አጋንነሽ እንዳትለኝ ጤና ጣቢያ የምትሠራው እህትህ ያነበበችልኝን ልጻፍልህ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ሰበብ 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል። ከነዚህ ውስጥ ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። እኛ ድሮ «ሕፃኑን ብርድ መታው» እያልን የቀበርናቸው ስንቶቹ በጭስ እንደሄዱ እግዚአብሔር ይወቀው።

አሁን ወደ ምድጃው ልምጣ። ሦስቱን ጉልቻ ትተህ ምርጥ ምጣድ እንደምታስገባ አውቃለሁ፤ አስገባ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እዚሁ አገራችን ለእንጀራ ተብሎ የተሠራ ምድጃ ነው። ከሲሚንቶና ከአሸዋ በቅርጽ እየተመታ በስድስት ቁራጭ ይሠራል፤ አራቱ ምጣዱን ዙሪያውን ይከባሉ፣ ሁለቱ ከኋላ ጭሱ የሚወጣበትን የድስት ማስቀመጫ ይሆናሉ። እሳቱን አፍኖ ስለሚይዝ ከሜዳ ጉልቻ ጋር ሲተያይ ማገዶውን እስከ ግማሽ ያድናል። ስትገዛ ጠርዙን በጥፍርህ ፋቀው። አሸዋው እየተፈረፈረ ከወጣ ሲሚንቶው ስለተሰሰተበት ለሌላ ሰው ተውለት። ምጣድህን ይዘህ ሄደህ እዚያው ለካው፤ በጠርዙና በምጣዱ መካከል ክፍተት ካለ ነበልባሉ የጋጋሪዋን እጅ ይልሳል። አዲስ ምጣድ ከሆነም ሳይሟሽ እንዳትቸኩሉ፤ በጎመን ዘር ደጋግማችሁ አሟሹት።

ምርጥ ምጣድ አስገባሁ ብለህ ግን ሥራው አለቀ እንዳትል። ከዳንግላ ወደ ባሕር ዳር ስትሄድ የምታልፍበት የሜጫ አገር ላይ ተመራማሪዎች ጥናት አድርገው ነበር። ለአንዳንዱ መንደር የተሻሻለ የእንጀራ ምድጃ ሰጡ፣ ሌላውን በነበረው ተዉት፤ ከዚያ የሁለቱንም ወገን ሕፃናት የሳንባ ሕመም ተከታተሉ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ሲታተም ምድጃው ብቻውን የሕፃናቱን ሕመም ይህን ያህል አልቀነሰም። እህትህ ስትነግረኝ አዘነች፤ እኔ ግን አልገረመኝም። እንጀራ የሚጋገረው በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ነው። ወጡ ግን በየቀኑ ይሠራል፣ ድንቹ በየቀኑ ይቀቀላል፣ ቡናው በቀን ሦስቴ ይፈላል። ምርጡ ምጣድ ጥግ ላይ ቀዝቅዞ ተቀምጦ፣ አጠገቡ ሦስት ድንጋይ ላይ ጀበና ሲንተከተክ ስንት ቤት አይቻለሁ። ሕፃን ደግሞ የምትታቀፈው ቡና ላይ ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ እየተቀባበለ የሚስማት እዚያ ነው።

ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል፤ ቤቱ ካልተከፈተለትም ጭስ አያስወጣም። እንግዲህ ለወጡና ለቡናው እሳት ከእንጀራው እኩል አስብለት። ሁለቱን ምድጃዎች አንድ መደብ ላይ ጎን ለጎን አድርግና አንድ ጭስ ማውጫ ይጋሩ። ጭስ ማውጫውን በቆርቆሮ አስጠቅልለው፤ ከጣራው አናት በላይ ይውጣ፣ ዝናብ እንዳይገባበትም ቆብ ይኑረው። ጣራው ጫፍ ላይ ካጠርኸው የእንጅባራ ነፋስ ጭሱን መልሶ ወደ ቤት ይነዳዋል። ጥቀርሻው ሲሞላ የሚጠረግበት ቀዳዳም ከታች ተውለት፤ የማይጠረግ ጭስ ማውጫ ዓመት ሳይሞላው ይደፈናል። መስኮቶቹን ትይዩ አድርግ፣ አንዱ በነፋስ መምጫ፣ ሌላው በመውጫው። በግድግዳውና በጣራው መካከል ያለውን ክፍተትም «ብርድ ያስገባል» ብለው ግንበኞቹ እንዳይደፍኑብህ። በብርድ ቀን የሚዘጋ መዝጊያ ይሠራለታል እንጂ አይደፈንም።

ስለ ብርድ ካነሣሁ፣ የእናንተ ደጋ ሐምሌና ነሐሴ ምን እንደሚመስል ታውቃለህ። የማድ ቤቱ ሙቀት ከጭሱ ጋር ሲወጣ መኝታ ቤቱ ይቀዘቅዛል፤ ያን ጊዜ ሰው የሚያስበው ከሰል ነው። ከሰል ደግሞ ደጃችሁ ላይ ነው። ከፋግታ ለኮማ የዲከረንስ ዛፍ ከሰል አዲስ አበባ ድረስ በመኪና ሲጫን ኖሯል። ልጄ፣ ይህችን አስምርባት፦ የተቀጣጠለ ከሰል ሰው ወደተኛበት ክፍል አይግባ። ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ሲጠፋ ደህና የሆነ ይመስላል፤ የሚገድለው ግን የማይታየውና የማይሸተው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሄዳል፤ ሕፃን ደግሞ ከሁሉ ትቀድማለች። ብርድ ከሆነ ልጅቱን መሐላችሁ አስተኟት፣ ጋቢ ደርቡ፣ ግድግዳውን በደንብ አስመርጉ።

ጭሱን ስታስወጣ ደግሞ ጭሱ ይሠራው የነበረውን ሥራ አብረህ እንዳስወጣህ አትርሳ። የቀድሞ ሰዎች ጭሱን የታገሡት ስላላወቁ ብቻ አልነበረም። የሣር ክዳን በጭስ ይደርቃል፣ ነፍሳትም አይደፍሩትም፤ ጭስ ካጣ ቶሎ ይበሰብሳል። ስለዚህ ጭስ ማውጫ ካቆምህ ሣሩን ትተህ ቆርቆሮ ምታ። ቆርቆሮ በደጋ አገር ሌሊት ይቀዘቅዝና እንፋሎቱ መልሶ ይንጠባጠባል፤ ከሥሩ የቀርከሃ ኮርኒስ አድርግለት። ጭስ ማውጫው በኮርኒሱ በሚያልፍበት ቦታ ዙሪያውን አንድ ስንዝር ክፍት ተውና በቆርቆሮ ሸፍነው፤ ደረቅ ቀርከሃና የጋለ ቆርቆሮ ከተነካኩ ቤቱ ይሄዳል።

ሁለተኛው የጭስ ሥራ ዘር ጥበቃ ነበር። የዘር በቆሎ ከምድጃው በላይ ቆጥ ላይ የምንሰቅለው ነቀዝ እንዳይደፍረው ነው። ጭሱ ሲጠፋ ነቀዙ ይመጣል፤ ነቀዙ ሲመጣ ሰው ገበያ ወርዶ የነቀዝ ክኒን ይገዛል። ከሁሉ የምፈራው ይህን ነው። ያ ክኒን እርጥበት ሲያገኝ መርዝ ጋዝ ያወጣል፤ ሰው በሚያድርበት ቤት ጎታ ውስጥ የተጣለ ክኒን ቤተሰብ ይዞ ይሄዳል። አንተ ቤት እንዳይገባ። በምትኩ ፒክስ የሚሉትን ሦስት ድርብ ከረጢት ፈልግ። እህሉን በደንብ አድርቀህ፣ አየሩን ጨምቀህ አስወጥተህ፣ ሦስቱንም አንድ በአንድ ጥብቅ አድርገህ እሰራቸው። ነቀዙ ከረጢቱ ውስጥ ያለውን አየር ጨርሶ ታፍኖ ይሞታል፤ መድኃኒት የሚባል ነገር አያስፈልገውም። ከረጢቱን አይጥ ከበሳችው ግን ዋጋ የለውም፣ ከመሬት ከፍ ያለ ቆጥ ሥራለት።

አሁን ስለ እጇ ላውራ። የልጅ ልጄ ስድስት ወር ልትደፍን ነው፤ ቤቱ ተሠርቶ ሲያልቅ ትድሃለች፣ ይዛ ትቆማለችም። ስትድህ ዓለሟ ሁሉ መሬት ላይ ነው። እኛ እሳትን መሬት ላይ አንድደን ልጅን «ተው፣ ያቃጥልሃል» እያልን አሳደግን፤ ያልሰማው ተቃጠለ። እሳቱ ከመሬት ይነሣ። መደቡን ከድንጋይና ከጭቃ ገንባው፣ ቁመቱንም ባለቤትህን አስቁመህ በእሷ ለካው። ምጣዱ ሲቀመጥበት ክርኗን ሳታነሣ ሊጡን የምታዞርበት ልክ ይሁን። በእኔ ወይም በአናጢው ቁመት እንዳይለካ። የማገዶው አፍ ወደ መተላለፊያው አይዙር፤ ወጥቶ የቀረ የእንጨት ጫፍ ቀሚስም ልጅም ይይዛል።

በሩ ላይ ከላይኛው መዝጊያ ሌላ እስከ ወገብ የሚደርስ የቀርከሃ ግማሽ በር አድርግ። እናት ከውስጥ፣ ልጅ ከውጭ፣ ሁለቱም ይተያያሉ። ልጅ የምታለቅሰው እናቷን ስታጣ ነው፤ ፊቷን ካየች ትጫወታለች። ከበሩ ውጭ በረንዳው ላይ ነፋስ የማይመታው፣ ጭስ የማይዞርበት ጥግ ምረጥና አጎዛ አንጥፍላት። ይህን ጥግ ፕላኑ ላይ እንደ አንድ ክፍል ቁጠረው፤ ኋላ በትርፍ ቦታ እንሠራዋለን ከተባለ አይሠራም።

ውሃም እንደ እሳት ነው። በርሜልና ባልዲ ክዳን ይኑራቸው፤ የምትድህ ልጅ አንድ ስንዝር ውሃ ውስጥ በግንባሯ ከወደቀች ራሷን አታነሣም። ጓሮ ያለውን የጉድጓድ ውሃ በሲሚንቶ ክዳን ግጠመው፣ ቁልፍም ይኑረው። ከማድ ቤቱ በር አጠገብ ቧንቧ የተገጠመለት ጄሪካንና ሳሙና ይቀመጥ፤ ከመጋገርም፣ ልጅን ከማጉረስም በፊት እጅ የሚታጠብበት ቦታ በእጅ ርቀት ካልሆነ አይታጠቡበትም። የልጅቱንም ፊት ጧትና ማታ በዚያው እጠቧት። የዓይን ማዝ ክልላችንን ምን ያህል እንደጎዳ ታውቃለህ፤ ዝንብ የሚሰበሰበው ያልታጠበ ፊት ላይ ነው። ከብቶቹም ከእንግዲህ ከሰው ጋር አያድሩም፤ በረቱን ለብቻ፣ ከማድ ቤቱም ራቅ አድርገህ ሥራ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም እሳት ወይም ፍል ውሃ ቢነካት፣ እግዚአብሔር አያድርገውና፣ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ጭቃ የሚባል ነገር አትቀቡ። ልብሱ ቆዳዋ ላይ ካልተጣበቀ አውልቁ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት፣ ሌላውን ሰውነቷን ግን እንዳይበርዳት ሸፍኑት። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ። አያት መጥታ «ቅቤ ቀቡ» ብትል፣ አያት ናት ብላችሁ እንዳትሰሟት፤ እኔም ብሆን።

ስለ ኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ አልልም። መስመሩ እስከ ቤታችሁ ከደረሰ ግዙ፤ ጭስ የለውም። ግን ከ3,000 ዋት በላይ የሚስብ ዕቃ ከአምፖሉ ሽቦ ላይ አይቀጠልም። ለብቻው አራት ሚሊ ሽቦ፣ ለብቻው ብሬከር፣ መሬት የገባ ግራውንድ ይኑረው፤ ሊጥ የነካ እጅና እርጥብ ወለል ባለበት ቤት ቀልድ የለም። መብራት የሚጠፋበት ቀን ስላለ ምርጡን ምጣድም አትጣለው። አራት ያህል ከብት ካቆየህ ደግሞ ስለ ባዮጋዝ ጠይቅ። ብሔራዊ ፕሮግራሙ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን ሲሠራ ቆይቷል። ነበልባሉ ለእንጀራ ቢያንስም ለቡናና ለወጥ ልክ ነው፣ እኔ የፈራሁትም እሱን የየዕለቱን እሳት ነው። በብርድ አገር ጋዙ እንደሚያንስ ግን አውቀህ ግባበት፤ ጉድጓዱን ፀሐይ በሚያገኝበት ቦታ አስቆፍር።

ብሎኬት ወይስ ጭቃ ለሚለው፣ የእኔ ድምፅ ለጭቃው ነው። ጭቃ ሙቀት ይይዛል፣ ለደጋ ይስማማል፣ በወንፈል ይሠራል፤ ከብሎኬቱ የሚተርፈው ገንዘብ ለጭስ ማውጫና ለቆርቆሮ ይሆንልሃል። ከታች ግን እስከ ጉልበት የድንጋይ መሠረት ይኑረው፣ የጣራው ክፈፍም ዘንበል ያለ ዝናብ ግድግዳውን እንዳይመታ ወጣ ይበል። ወለሉን ሴራሚክ አታድርገው፤ ውሃ ሲነካው ያዳልጣል፣ እናት ደግሞ ሕፃን አዝላ ድስት ይዛ ትመላለስበታለች። ሸካራ ሲሚንቶ ይበቃል።

ጊዜውን እንዲህ ክፈለው። ቀርከሃውን አሁን በበጋው አስቆርጥ፤ ሦስት ዓመት የሞላውን ይምረጡ፣ ለጋውን ነቀዝ ይበላዋል። ለምርጊት የጤፍ ጭድ ያስፈልግሃል። የእናንተ ደጋ የገብስና የድንች አገር ነው፣ የገብስ ገለባ እንደ ጤፍ ጭድ ጭቃ አይዝም፤ ውቂያው እንዳለቀ ከዳንግላ በኩል እኔ አስጭኜ እልክልሃለሁ። ጥር ላይ ሠራተኛ አገኛለሁ ብለህ እንዳትቆጥር። ጥምቀት አለ፣ ሠርግ አለ፣ ጥር 23 ደግሞ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ነው፤ ያን ቀን እንጅባራ ላይ ፈረስ ያለው በፈረሱ፣ የሌለው በእግሩ ይወጣል እንጂ ጭቃ የሚረግጥ አታገኝም። አንተም ልጅህን ትከሻህ ላይ አድርገህ ውጣና አሳያት። የካቲት ሲገባ ጭቃውን ከጭዱ ጋር አስቦካው፣ በየቀኑ እየረገጣችሁ ከሳምንት በላይ ይቆይ፤ ሽታው ሲለወጥና እጅ ላይ ሲለጠጥ ደርሷል። ወንፈሉም ጾም ላይ ስለሚውል ሽሮና ጠላ ይበቃሃል፣ በግ እረድ የሚልህ አይኖርም። ከምርጊቱ በኋላ ሲሰነጣጠቅ አትደንግጥ፤ ሁለተኛውን ልስን ስንጥቁ ላይ ነው የሚመቱት።

ባለቤትህና ልጅቱ ግድግዳው ሳይደርቅ እንዳይገቡ። እርጥብ ጭቃ የሚሰጠውን ብርድ አራስ ቤት የነበረች ሁሉ ታውቀዋለች። እስከዚያው ነፋስ በማይመታው በኩል ዳስ ጣልና በዚያ ይብሰል፤ ሲሚንቶ ሲቦካና አሮጌው ግድግዳ ሲፈርስ ደግሞ እናትና ልጅ እኔ ዘንድ ይሰንብቱ። የጥቀርሻና የአሮጌ ጭቃ አቧራ ለሕፃን ሳንባ ከጭሱ አይተናነስም። ሐምሌ ሳይገባ፣ ግንቦት ላይ፣ ሥራው ይለቅ።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ከሁሉ የሚከብደውም ይህ ነው። በሥራው መሐል ትጣላላችሁ። ገንዘብ ያጥራል፣ አናጢው ይቀራል፣ ልጅቱ ሌሊት ጥርስ ይዟት ስታለቅስ ታድራለች፤ ጧት ሁለታችሁም እንቅልፍ ያላያችሁ ሆናችሁ ስለ መስኮት ትከራከራላችሁ። ያን ጊዜ ማን ይወስናል ካልኸኝ፣ ማድ ቤቱን በተመለከተ የመጨረሻው ቃል የእሷ ይሁን። አንተ የምታየው ሲያልቅ ነው፤ እሷ የምትውልበት በየቀኑ ነው። የእኔንም ምክር ቢሆን «እናቴ ብላለች» እያልህ እሷን ማሸነፊያ እንዳታደርገው፤ ለእሷ ካልተመቻት ተውት።

የመጋገር ቀን ልጅቱን የምትይዘው አንተ ነህ። አባትህ ነፍሳቸውን ይማርና በሬ ጠምደው ሲገቡ እኔ አንዱን አዝዬ፣ አንዱን አስከትዬ ምጣድ ላይ ነበርሁ፤ ልጅ ያዝልኝ ማለት በዘመናችን ነውር ነበር። ያንተ ዘመን ሌላ ነው። ጎረቤት ሲያይህ ይስቃል፤ ይሳቅ። ሣቁ ሲያልፍ ሚስቱ ትጠይቀዋለች፣ «ለምን አንተ አትይዝም?» ትለዋለች፣ ያን ጊዜ የሚስቀው አንተ ትሆናለህ። ልጅቱንም ይዘህ ዝም አትበል። አማርኛውን ከትምህርት ቤት ታገኘዋለች፤ ቋንቋችንን አውኚውን ግን ከቤት ትስማው። አንተ የረሳኸውን ቃል ባለቤትህ ታስታውስህ፣ እሷ የረሳችውን እኔን ደውላችሁ ጠይቁኝ።

ከጭስ ማውጫውና ከቆርቆሮው በኋላ ገንዘብ ከተረፈህም ለጌጥ አታውለው፣ ለማገዶ ማስቀመጫ ጥላ ሥራ። ደረቅ እንጨት የእርጥቡን ያህል ጭስ የለውም፤ ክረምት ላይ እርጥብ እንጨት የሚነድበት ቤት የፈለገውን ምድጃ ቢያስገባ ያለቅሳል።

እንግዲህ አምላክ የጀመራችሁትን ያስፈጽማችሁ። ቤታችሁን እህል አያሳጣው፣ ምድጃችሁን እሳት አያጉድለው፣ ልጃችሁን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ። ባለቤትህን በስሜ ሳምልኝ፤ የምጣዱን ስፋት ለክታ በስንዝር ትላክልኝ፣ ምጣድ ከዚህ ከምታውቃት ሸክላ ሠሪ ልክ አስገዛላታለሁ። ጭዱን የምጭንበትን ጆንያም በመጀመሪያው መኪና ላክ፣ ውቂያው እየተፋጠነ ነው።

የምትወድህ እናትህ